ዱቄት በርበሬ ከዛላው ሲረክስ

የአዘዞዋ ባለባልትና፦ ሰላም ወገኖች። ጎንደር ላይ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ እሸጣለሁ። ዛላውን ቅዳሜ ገበያ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነው የማስፈጨው። ዘንድሮ ዛላው አልቀመስ አለ። አንድ ነጋዴ ደግሞ የተፈጨ በጆንያ አመጣልኝ። ከዛላው ይረክሳል፣ ቀለሙም ደም ይመስላል። ውሃ ላይ በተንኩት፣ ምንም ቀለም አልለቀቀም። ልግዛው?

የላብራቶሪ ሰው፦ እህቴ፣ ተይው። ዛላ ሲቀነጠስ እንጨቱ ይወድቃል፣ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ወፍጮም ይከፈልበታል። ይህ ሁሉ ወጥቶበት እንዴት ከዛላው ይረክሳል? ሰውየው ለጽድቅ አይነግድም መቼም።

የውሃው ሙከራ ሸክላ ተፈጭቶ ከገባበት ይጠቅማል፤ ታች የዘቀጠውን በጣትሽ ስታሺው ይኮሰኩሳል። ሱዳን አንድ የሚባለውን ቀይ ማቅለሚያ ግን አያጋልጥም። እሱ የሚሟሟው በዘይት ነው። ለምግብ የተከለከለ ነው፣ በካንሰር ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ይህ ቀለም ያለበት የበርበሬ ዱቄት አንድ ሶስ ውስጥ ገባ። ሶሱ ደግሞ በየምግቡ ይጨመር ስለነበር ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰበሰቡ።

አላፊ አግዳሚ፦ አታካብዱ እንጂ! ትርፍ ፈልጎ ይሆናል እንጂ ሰው ሊመርዝ ነው እንዴ?

የላብራቶሪ ሰው፦ ወንድሜ፣ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውም ትርፍ ፍለጋ ነበር። ወተቱን በውሃ አቀጠኑት፤ ሲመረመር ፕሮቲኑ የጎደለ እንዳይመስል ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል ጨመሩበት። 6 ሕፃናት ሞቱ፣ 300 ሺህ ገደማ ታመሙ። ማንም «ልግደል» ብሎ አልተነሳም።

ወፍጮ ቤት የምሠራ፦ እታለም፣ ዛላም ብትገዢ ወፍጮው አፍ ላይ ቁሚ። ጆንያቸውን ጥለው ሻይ ሊጠጡ የሚሄዱ አሉ። ወረፋ ሲበዛ ማን ምን እንደነካው አይታወቅም። አንዲት ደንበኛችን ተፈጭቶ ሲወጣ እዚያው በአረንጓዴ ክር ትሰፋዋለች። ሌላ ክር ካየች አትረከብም። ሰው ይስቅባታል፣ እኔ ግን ወድጄላታለሁ።

የላብራቶሪ ሰው፦ ጎበዝ ናት! ከየዙሩም አንድ ጭልፋ ቀን ጽፈሽ አስቀሪ፤ ደንበኛ ቢያማርር የቱ ዙር እንደሆነ ትለዪበታለሽ። ነጋዴውን ከጠረጠርሽው ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ደውዪ።

የአዘዞዋ ባለባልትና፦ ተባረኩ። ነገ ጆንያውን አስመልሰዋለሁ፣ ቅር ይበለው። ደህና ዛላ በደህና ዋጋ ያየ ካለ ግን ይጠቁመኝ፤ የፋሲካ ትዕዛዝ ይዣለሁ።