የአባቴ ቮልስ ግቢ ውስጥ ዘይት ጎደለው ይላል፣ ማደያ ሲደርስ ሞልቶ ይተርፈዋል

የጅሬን ዳገት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ትቶልኝ ያረፈው በፈረንጆች 1967 የተሠራ ባለ 1300 ቮልስዋገን አለኝ። እሱ በሕይወት ሳለ የሞተሩን ክዳን እንድነካ አይፈቅድልኝም ነበርና፣ በአርባ ዓመቴ ገና ሀ ብዬ እየተማርኩ ነው።

ጠዋት ግቢ ውስጥ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ሳይ ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ነው። ሩብ ሊትር እጨምራለሁ። ከጅማ መርካቶ ወዲህ ባለው ማደያ ቆሜ ስለካው ግን ከላይኛው መስመር አልፎ አገኘዋለሁ። በዚህ ወር ብቻ አንድ ሊትር ያህል ጨምሬያለሁ። ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) አካባቢ በዘይት ርሷል፤ እናቴም ማታ ማታ ከመኪናው ሥር ካርቶን ማንጠፍ ጀምራለች። ያሳየሁት ባለሙያ «ሞተሩ መውረድ አለበት» አለኝ። እውነት ነው?

ቡና ነጋዴው፦
የዘይት መብራቱ በርቷል? ካልበራ ምን አስጨነቀህ?

ጡረተኛ መካኒክ፦
ቡና ነጋዴው፣ እንዲህ ያለ ምክር ስንት ሞተር እንዳስወረደ ብነግርህ ትደነግጣለህ። ያ መብራት የሚያሳየው ግፊትን እንጂ መጠንን አይደለም። እሱ በርቶ ካየኸው ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

የጅሬኑ ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ግቢህ ሜዳ ነው ወይስ ተዳፋት? መኪናው ሲቆም ፊቱ ወዴት ነው?

የጅሬን ዳገት፦
ተዳፋት ነው ጋሼ። በሩ ከላይ ስለሆነ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ ነው የማቆመው።

ጡረተኛ መካኒክ፦
በል እንግዲህ ሞተርህን አታውርድ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ መለኪያው ደግሞ የሚገባው በሞተሩ ጫፍ፣ በቺንጋው በኩል ነው። ፊቱ ቁልቁል ሲሆን ዘይቱ ወደ ማርሹ በኩል ይሸሽና ዘንጉ ሳይነካው ይቀራል። ጎደለ ብለህ ትጨምራለህ፤ ሜዳ ላይ ስትቆም ተርፎ ታገኘዋለህ። ማደያው ነው እውነቱን የነገረህ።

ቺንጋውን ያረሰውም ይኸው ትርፍ ይመስለኛል። በዚህ ሞተር የኋላ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር) ላይ ዘይት የሚከለክል ጎማ የለም፤ ዘይቱን የሚመልሰው የተጠማዘዘ ቦይ ብቻ ነው። ሲሞላበት ያንን አልፎ ይረጫል።

ጠቅላላው የሚይዘው 2.5 ሊትር ነው። ሜዳ ላይ አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ዘይቱ እንዲወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ። ዘንጉን መዝዘህ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረግ፣ እስከ መጨረሻው መልሰህ አስገባ፣ እንደገና ምዘዝ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ከሆነ አትንካው። ትርፉን አውጣ፤ ያወጣኸውን ግን ወደ አዌቱ ወንዝ እንዳትደፋው።

ጊቤ ተመላላሽ፦
ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነው፦ ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። ስለዚህ መጉደሉንም አትናቀው። አዲስ አበባ ስወጣ ጊቤ በረሃ ወርጄ ዳገቱን ከመጀመሬ በፊት ሳልለካ አላልፍም። ዘይቱንም በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይር። ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ወንፊት ብቻ ነው፤ እሱንም አውጥተህ እጠበው።

የጅሬን ዳገት፦
ቅዳሜ ማደያው ሜዳ ላይ ለካሁት፤ ከላይኛው መስመር ጣት ያህል አልፏል። ጠቅላላውን አውጥቼ በውሃ ጠርሙስ ስሰፍረው ከ3 ሊትር በላይ ሆነ! ወንፊቱን አጥቤ፣ ካርቶኑን (የወንፊቱን ማሸጊያ ማለቴ ነው፣ የእናቴን አይደለም) በአዲስ ቀይሬ፣ 2.5 ሊትር ሞላሁ። ቺንጋውንም ጠረግሁት።

ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ፑሊው ደረቅ ነው። መኪናውን አሁን ወደ ኋላ እየነዳሁ ነው የማስገባው። ጋሼ፣ እንዲህ ሲቆምስ ከፍ አድርጎ ያሳያል ማለት ነው?

ጡረተኛ መካኒክ፦
አዎ። ግቢህ ውስጥ አትለካ።