የመጀመሪያዬ የዙም ኢንተርቪው አራት ቀን ቀረው፤ ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ለደንበኞች አገልግሎት ሥራ አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ግን የሚደረገው በዙም ነው። በአካል ሁለት ጊዜ ተጠይቄ አውቃለሁ፣ በቪዲዮ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ላፕቶፕ ስለሌለኝ የእህቴን እዋሳለሁ። ቤት ውስጥ አምስት ነን፣ ዋይፋዩም የጋራ ነው።

መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥብኝ ምን አደርጋለሁ? ማስታወሻ ጽፌ እያየሁ ብመልስስ ይታወቅብኛል? ደግሞ ዓይኔን የት እንደማደርግ አላውቅም። በቪዲዮ ሳወራ የራሴን ፊት እያየሁ ሐሳቤ ይጠፋብኛል። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦ አመልካቾችን ለዓመታት ከጠየቀ ሰው

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ከጠያቂው ወንበር ሆኜ የማየውን ልንገርሽ። ኔትወርክ ስለተቋረጠበት ብቻ የጣልነው ሰው ትዝ አይለኝም። የሚጎዳው ከተቋረጠ በኋላ የሚሆነው ነው። አንዳንዱ ይጠፋል፤ ደውሎም አይነግረንም። አንዳንዱ ይመለስና ይቅርታ ሲደረድር ሰዓቱ ያልቃል። «ይቅርታ፣ ተቋርጦብኝ ነበር። ስለ ቀድሞ ሥራዬ እየነገርኳችሁ ነበር፤ ልቀጥል?» ያለን ሰው ግን እኛንም ያረጋጋናል። አንቺ ያመለከትሽው ደንበኛ ለማስተናገድ ነው። ነገር ሲበላሽ ተረጋግቶ መናገር ዋናው ሥራሽ ይሆናል።

ስለዚህ ዙምን ስልክሽ ላይም ጫኚው። ሊንኩን ወደ ስልክሽ ላኪው፣ የሞባይል ዳታም ሙይበት። የቪዲዮ ጥሪ ዳታ ይበላል፤ በአንድ ሰዓት ከ1 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። የሚጠይቁሽን ሰዎች ስልክ ወይም ኢሜይል ወረቀት ላይ ጻፊው። ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ካስቀመጥሽው፣ እሱ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ሰላምታ እንደተለዋወጣችሁ «ቢቋረጥብኝ ወዲያው በስልኬ እመለሳለሁ» በያቸው። ምስሉ መቆራረጥ ከጀመረ ደግሞ «ድምፄ እንዲጠራ ካሜራዬን ልዝጋው?» ብለሽ ጠይቂ። ድምፅ ከምስል በጣም ያነሰ ኔትወርክ ነው የሚፈልገው። ፊትሽ ቢደበዝዝ እንችለዋለን፤ ድምፅሽ ካልተሰማ ግን መልስ የለሽም ማለት ነው።

ማስታወሻውን በተመለከተ፦ አዎ፣ ይታወቃል። ዓይን መስመር ሲከተል ይታያል። ድምፅም ይለወጣል፣ የንባብ ድምፅ ይሆናል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ካሜራው አጠገብ ትንሽ ወረቀት ለጥፊና አምስት ስድስት ቃል ብቻ ይኑርበት። «የተቆጣው ደንበኛ» የሚለው ቃል ሙሉ ታሪኩን ካስታወሰሽ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልጨምር። «አስቸጋሪ ደንበኛ ገጥሞሽ ያውቃል?» ስንል ሰው የሁኔታውን ዳራ ለሦስት ደቂቃ ይተርካል። መሥሪያ ቤቱ እንዴት እንደነበር፣ አለቃው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ። እኛ የምንጠብቀው ግን አንቺ ራስሽ ያደረግሽውን ነው። ዳራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው። ከዚያ የአንቺ ድርሻ ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረግሽ፣ ነገሩ በምን እንዳለቀ ተናገሪ። ሦስት እንዲህ ያሉ ታሪኮች ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። በልብ ማሰብ አይበቃም፤ አፍሽ ሊለምደው ይገባል።

መልስ 2፦ ኮምፒውተር ከሚጠግን ሰው

እኔን ያሳሰበኝ የተዋስሽው ላፕቶፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ጠበቃ በዙም ችሎት ላይ የድመት ግልገል መስሎ ቀረበ። የጸሐፊውን ኮምፒውተር ነበር የተጠቀመው፤ ፊትን የሚቀይረው ማጣሪያ (ፊልተር) ከዚያ በፊት በርቶ ቀርቷል። በሰው ዕቃ ስንጠቀም የሰውየው ስም፣ ፎቶ፣ የጀርባ ምስል ሁሉ አብሮ ይመጣል። ዛሬውኑ በራስሽ ስም ግቢና ዙም የሙከራ ስብሰባ ስላለው እሱን ሞክሪው። ድምፅሽን መልሶ ያሰማሻል።

ስክሪን አጋሪ፣ ማለትም ላፕቶፕሽ ላይ ያለውን አሳዪን ሊሉሽ ይችላሉ፤ እሱንም ሞክሪ። ማክ ከሆነ ስክሪን ለማጋራት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከፈቀድሽ በኋላም ዙምን ዘግተሽ መክፈት ሊኖርብሽ ይችላል። ያንን በኢንተርቪው መሃል ማድረግ አትፈልጊም።

ዋይፋዩ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ የሚሉ ሁለት መስመሮች ካሉት፣ ራውተሩ አጠገብ ከሆንሽ 5 ይሻላል። ግድግዳ ከመሃል ካለ ግን 5 ቶሎ ይደክማል። ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ካገኘሽ ከሁለቱም ይበልጣል። የቤት ሰዎችሽን ለዚያች አንድ ሰዓት ቪዲዮ እንዳያዩ ለምኛቸው። ባለ ገመድ ኢርፎን አድርጊ፤ ቻርጅ አለቀ ብሎ አያስደነግጥም፣ ድምፅም እንዳያስተጋባ ይረዳል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ቀለለኝ። የዓይኑን ነገርስ? መስኮቱስ ከኋላዬ ቢሆን ችግር አለው?

መልስ 3፦ በኦንላይን ተጠይቃ ከተቀጠረች

መስኮቱን ፊት ለፊትሽ አድርጊው። ከኋላሽ ከሆነ ፊትሽ ጥላ ብቻ ይሆናል። ላፕቶፑን መጻሕፍት ላይ አስቀምጪውና ካሜራው ከዓይንሽ እኩል ይሁን።

ራስሽን ማየቱ እኔንም ያሰቃየኝ ነበር። ዙም ላይ የራስሽን ምስል ከራስሽ ስክሪን ላይ መደበቅ ትችያለሽ፤ እነሱ ግን ያዩሻል። የጠያቂዎቹን ምስል አሳንሰሽ ከካሜራው ሥር አምጪው። ስትናገሪ ካሜራውን፣ ስትሰሚ ፊታቸውን እዪ። ሁልጊዜ ካሜራው ላይ ካፈጠጥሽ እነሱ ሲያዝኑም ሲስቁም አታዪም፤ እኔ ያንን አልመክርም። ጠያቂው ጨረሰ ብለሽ ስታስቢ አንድ ሰከንድ ቆዪ። ድምፅ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሳታውቂ ታቋርጪዋለሽ።

ጠያቂዎችሽ ሌላ አገር ከሆኑ ደግሞ ሰዓቱን አረጋግጪ። እኔ አንድ ኢንተርቪው ያመለጠኝ በዚህ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። አውሮፓ በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ይቀይራል። አብዛኛው አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሑድ እና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይቀይራል። ስለዚህ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ የለመድሽው የሰዓት ልዩነት አይሠራም። «በማን ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መልስ 4፦ ሥራ እየፈለገ ካለ ሰው

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ከኢንተርቪው በፊትም ሆነ በኋላ «ለምዝገባ» ወይም «ለሥልጠና» ገንዘብ ላኪ ካሉሽ ተያቸው። የባንክ የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቅ ቀጣሪ የለም። ከእኔ ኮድ ሲጠይቁ ነው የነቃሁት። ሊንኩ የመጣበትን ኢሜይል ከድርጅቱ ድረ ገጽ ጋር አስተያዪው።

ጠያቂዋ

ዛሬ ሁሉንም ሞከርኩ። እውነትም ስሙ የእህቴ ነበር፣ የጀርባው ምስልም የልጇ ፎቶ ነበር። ሁለቱንም ቀየርኳቸው። ከወንድሜ ጋር ሁለት ጊዜ ተለማመድን፤ ሆን ብሎ ዋይፋዩን አጠፋብኝና በስልክ ተመለስኩ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ነገ ጠዋት ነው። የቀረኝ ነገር አለ?

መልስ 2

ማታውኑ ላፕቶፑን አጥፍተሽ አስነሺው፣ ቻርጅም ይሙላ። አፕዴት ካለ ዛሬ ይጨርስ። ጠዋት ላይ አፕዴት አድርጊ ቢልሽ እንዳትነኪው።

መልስ 1

ከ10 ደቂቃ በፊት ተዘጋጂ፣ ውኃ አጠገብሽ ይሁን። መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለሽ?» ይሉሻል። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከእኔ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። እንዴት እንደሆነ መጥተሽ ንገሪን፣ እንጠብቅሻለን።