የደንበኞቼ ፍላሽ ሁሉ ሾርትከት እየሆነ ነው፤ እባካችሁ እርዱኝ

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን እኔ ጋ የተሰካ ፍላሽ ሁሉ ፎልደሮቹ ሾርትከት ይሆናሉ። ያቺ ትንሽ ቀስት ጥግ ላይ ትለጠፍባቸዋለች። ትናንት አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። እኔ ጋ ፎልደሩ ይከፈታል። ማታ ቤቷ ላፕቶፕ ላይ ስትሰካው ፍላሹ ባዶ ሆነባት። ደውላ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የዓመት ልፋቷ ነው። የራሴን ፍላሽ ሦስት ጊዜ ፎርማት አድርጌዋለሁ። ተመልሶ ይመጣል።

ጠጋኙ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ፋይሏ አልጠፋም። ብቻ ፍላሹን ፎርማት እንዳታደርገው አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያት! ቫይረሱ ፎልደሩን ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኚው መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፤ ከዚያ እውነተኛው ፎልደር ይከፈትልሻል። ለዚህ ነው ያልታወቀሽ። የእሷ ላፕቶፕ አንቲቫይረስ ሾርትከቱን አጥፍቶት የተደበቀው ብቻ ቀርቶ ይሆናል። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋ ፕሮፐርቲስ ትበል። የተያዘ ቦታ ካሳየ ጽሑፏ እዚያው ነው።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦
412 ሜጋባይት ተይዟል አለችኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዴት ነው የምናወጣው?

ጠጋኙ፦
ፎልደር ኦፕሽንስ ገብታ ቪው የሚለውን ትክፈት። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ትምረጥ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይም ምልክቱን ታንሳ። ፎልደሩ ደብዘዝ ብሎ ይመጣል። ሰነዶቿን ብቻ ኮፒ ታድርግ፤ የማታውቀውን ፋይል እንዳትነካ።

ያንቺ ዋና ችግር ግን ኮምፒውተርሽ ነው። እሱ ሳይጸዳ ፍላሽ ማጽዳት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው። ዊንዶውሱ በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚያሠራ ፕሮግራም) የተጫነ ነው? ብዙ ጊዜ ክራኩ እንዲሠራ ሲባል ዲፌንደር፣ ማለትም የዊንዶውሱ የራሱ አንቲቫይረስ፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ማንም እንደፈለገ ይገባል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚል አለ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት 15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ማሽኑ የሚችል ከሆነ ወደ 11 አሳድጊው።

የፒያሳው፦
እኔ ፍላሽ መቀበል ትቻለሁ። ፋይል በቴሌግራም ነው የምቀበለው። ግን የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ «ኢኤክስኢ» ካለበት ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ስለሆነ አልከፍተውም፤ ፒዲኤፍ ነው ቢሉኝም።

ባለ ጽሕፈት ቤቷ፦
እውነትም ዲፌንደሩ ተዘግቶ ነበር። የጫነልኝ ልጅ አልነገረኝም። ከፍቼ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ፈተሽኳቸው፤ አንዱ ላይ አራት፣ ሌላው ላይ አንድ ተገኘ። ልጅቷ ጽሑፏን አውጥታ በኢሜይል ላከችልኝ። ዛሬ ጠዋት በሰማያዊ ሽፋን ጠርዤ ሰጠኋት፤ ገንዘብ አልተቀበልኳትም። በሳምንቱ ውስጥ ፍላሽ ለሰኩ ደንበኞቼም አንድ በአንድ እየደወልኩ ነው። አሥራ አንድ ይቀሩኛል።