የተከፋፈለ የመረጃ መጋዘን ፕሮጀክትን ለአፓቼ ፋውንዴሽን ስለማቅረብ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኩባንያ የምንሠራ ጥቂት መሐንዲሶች ከመመረቂያ ጥናታችን ተነሥተን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ የመረጃ መጋዘን ገንብተናል። ሥርዓቱ ፓርኬ በተባለው የሠንጠረዥ መረጃ ማስቀመጫ ቅርጸት የተቀመጡ ፋይሎችን በቀጥታ ያነባል፤ ኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ መጠየቂያ ቋንቋ ጥያቄ ሲቀርብለት የአፈጻጸም ዕቅድ አውጥቶ ሥራውን በክላስተሩ ውስጥ ላሉት ማሽኖች ያከፋፍልና ውጤቱን መልሶ ያሰባስባል። ከማሽኖቹ አንዱ በሥራ መካከል ቢወድቅ ጥያቄው ከመጀመሪያው አይደገምም፤ የጎደለው ክፍል ብቻ በሌላ ማሽን ላይ ይሠራል። ይህን ባሕርይ የጨመርንበት ምክንያት የኤሌክትሪክ ኃይልና የኔትወርክ መቆራረጥ ባለበት ቦታ ለሰዓታት የቆየ ሥራ እንዳይባክን ነው።

ኮዱ የተጻፈው በጃቫ ነው። የኩባንያችን ኃላፊዎች በአፓቼ ፈቃድ ለሕዝብ እንዲለቀቅ በቃል ተስማምተዋል፤ እኛም ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ኢንኩቤተር (አዳዲስ ፕሮጀክቶች ተቀባይነት አግኝተው ራሳቸውን እስኪችሉ ለሚቆዩበት ክፍል) የሚቀርብ ፕሮፖዛል ማርቀቅ ጀምረናል። ይሁን እንጂ ረቂቁ በገፋ ቁጥር ጥርጣሬያችን ጨምሯል። አብዛኛውን ገጽ የያዘው የፍጥነት መለኪያና የውስጥ አሠራር ገለጻ ሲሆን፣ የፕሮጀክቱን ሥጋቶች ግለጹ በሚለው ክፍል ውስጥ ግን ምን መጻፍ እንዳለብን አላወቅንም። ኮዱን የሚጽፉት ሁሉም የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች መሆናቸውን በግልጽ ብንጽፍ ፕሮፖዛሉ ውድቅ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ባልደረቦች አሉ። በተጨማሪም ማይኤስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ መረጃ ለመቅዳት የምንጠቀምበት ኮኔክተር (ማገናኛ ኮድ) በጂፒኤል ፈቃድ የወጣ ነው፤ ይህ ፈቃድ ከእርሱ ጋር ተጣምሮ የሚለቀቅ ኮድም በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ይጠይቃል። ፋውንዴሽኑ በእርግጥ የሚመዝነው ምንድን ነው? ከማቅረባችን በፊትስ ምን ማስተካከል ይኖርብናል? ሂደቱን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩን እጅግ እናመሰግናለን።


መልስ 1

ጤና ይስጥልኝ። ከዋናው ነገር ልነሣ፤ ኢንኩቤተሩ የሚመዝነው ኮዱን ተረክቦ ለዓመታት ሊያኖረው የሚችል ማኅበረሰብ መኖሩን ወይም ሊፈጠር መቻሉን ነው። የፍጥነት መለኪያው ቢያምርም ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ስለዚህ ረቂቃችሁ አሁን ባለበት ሁኔታ ክብደቱን የጣለው በማይጠየቅበት ቦታ ላይ ይመስለኛል።

ለእናንተ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ታጆ ነው። ታጆ በደቡብ ኮሪያ፣ በኮሪያ ዩኒቨርሲቲ የዳታቤዝ ቤተ ሙከራ ውስጥ የተጀመረ፣ ሀዱፕ በተባለው መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያከፋፍል ሥርዓት ላይ የሚሠራ የተከፋፈለ የመረጃ መጋዘን ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ወደ ኢንኩቤተሩ ገባ። በዚያን ጊዜ በሀዱፕ ላይ ያለ መረጃን በኤስኪውኤል ለመጠየቅ የሚያገለግለው ሃይቭ በፋውንዴሽኑ ውስጥ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ከሆነ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎታል፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ድሪልም በ2012 ኢንኩቤተሩን ተቀላቅሏል፤ ክላውዴራ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በዚያው ዓመት ኢምፓላ የተባለውን የራሱን ሥርዓት ይፋ አድርጎ ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሌላ የኤስኪውኤል ሥርዓት ይዞ የሚመጣ ሁሉ «ያሉት እያሉ ይህ ለምን አስፈለገ? ለምንስ ሃይቭን አታሻሽሉም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነበረበት። የታጆ መልስ ማፕሪዱስ በተባለው የሀዱፕ ሥራ ማስፈጸሚያ ላይ የማይደገፍ የራሱ የአፈጻጸም ሞተር ያለው መሆኑና ረጅም ሰዓት የሚወስዱ የመረጃ ማዘጋጀት ሥራዎችንም ሆነ ፈጣን ምላሽ የሚፈለግባቸውን ጥያቄዎች በአንድ ሥርዓት ማስተናገዱ ነበር። መልሱ አጭርና ግልጽ ስለሆነ አንባቢው የፕሮጀክቱን ቦታ ወዲያው ይረዳል።

እናንተም እንዲህ ያለ መልስ አላችሁ፤ ነገር ግን በረቂቁ ሳይሆን በጥያቄዎ የመጀመሪያ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጧል። ማሽንና ኔትወርክ ዘወትር በሚቋረጥበት ቦታ ረጅም ሥራ ሳይባክን እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ የመረጃ መጋዘን መሆኑ ከማንኛውም የፍጥነት ሰንጠረዥ ይልቅ የፕሮጀክቱን አስፈላጊነት ያስረዳል። ይህን ሐሳብ ወደ ፕሮፖዛሉ መግቢያ አምጡትና ሥርዓቱ ይህን የሚያደርገው እንዴት እንደሆነ፣ ሌሎቹ በተመሳሳይ ሁኔታ የት ላይ እንደሚቸገሩ አስረዱ። የሌሎቹን ድክመት ስትጽፉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፕሮፖዛሉን ከሚያነቡት መካከል ራሳቸው ሃይቭን ወይም ኢምፓላን የጻፉ ሰዎች ይኖራሉና።

የታጆን ታሪክ እስከ መጨረሻው መከተል ደግሞ ስለ ሥጋቶች የሚጠይቀው ክፍል ለምን እንደተቀመጠ ያሳያል። ታጆ በኢንኩቤተሩ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በ2014 ራሱን የቻለ ዋና ፕሮጀክት ሆነ። በ2020 ግን አቲክ ወደተባለው የፋውንዴሽኑ ክፍል ተዛወረ፤ አቲክ ማለት የሚከታተላቸው በቂ ሰው ያጡ ፕሮጀክቶች ኮዳቸው ለንባብ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥበት ነው። ግሪንፕለም ከተባለው ዳታቤዝ የወጣው ሀውክም በ2015 ገብቶ በ2018 ቢመረቅም (ከኢንኩቤተሩ ወጥቶ ዋና ፕሮጀክት ቢሆንም) መጨረሻው አቲክ ሆኗል። በእኔ አስተያየት የተከፋፈለ የመረጃ መጋዘን ለዚህ ዕጣ ከሌሎች ሶፍትዌሮች ይልቅ የተጋለጠ ነው፤ ኮዱ ሰፊና ውስብስብ በመሆኑ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል፣ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪ ነው፣ ኩባንያው ሐሳቡን የለወጠ ዕለትም ፕሮጀክቱ ሰው አልባ ይሆናል።

የፕሮፖዛሉ ቅጽ ፕሮጀክቱ ባለቤት አጥቶ የመቅረት ዕድሉን፣ የጸሐፊዎቹን የክፍት ምንጭ ልምድ፣ የሥራ ቦታቸውን ስብጥር፣ በደመወዝተኞች ላይ ያለውን ጥገኝነት፣ ከሌሎች የአፓቼ ፕሮጀክቶች ጋር ያለውን ግንኙነት፣ አልፎ ተርፎም በአፓቼ ስም የመጠቀም ፍላጎት ብቻ አለመሆኑን አንድ በአንድ የሚጠይቀው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ስለዚህ ሁላችሁም የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች መሆናችሁን በግልጽ ጻፉ። ብዙዎቹ የመረጃ መጋዘኖች እንዲያ ሆነው ነው የገቡት፤ ዶሪስ በ2018 ሲገባ ባይዱ ከተባለው የቻይና ኩባንያ የመጣ ነበር፣ ኢምፓላም በ2015 ከክላውዴራ። የአንድ ኩባንያ ልጅ ሆኖ መግባት አይከለከልም፤ እንደዚያው ሆኖ መመረቅ ግን ያስቸግራል። ዶሪስ እስኪመረቅ ድረስ ወደ አራት ዓመት ቆይቷል፤ ኢምፓላ ሁለት ዓመት ያህል። ባልደረቦችዎ የፈሩትን ነገር ብትደብቁት በውይይቱ ላይ አንድ ሰው የአበርካቾቹን ዝርዝር ከፍቶ ማየቱ አይቀርም፤ ያኔ የሚጎዳችሁ የስብጥሩ ማነስ ሳይሆን መደበቃችሁ ይሆናል።

የአቀራረቡን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ፣ ፕሮፖዛሉን ወደ ውይይት የሚያቀርብ ቻምፒዮን የሚባል የፋውንዴሽኑ ሰውና በኢንኩቤሽኑ ጊዜ የሚመሩዋችሁ ሜንተሮች ያስፈልጓችኋል፤ በተለምዶ ሜንተሮቹ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። ፕሮፖዛሉ በሕዝብ ፊት ውይይት ይደረግበታል፤ ቢያንስ ለ72 ሰዓት ክፍት በሚሆን ድምፅ አሰጣጥም ከኢንኩቤተሩ ኮሚቴ አባላት ቢያንስ ሦስት የ+1 (የድጋፍ) ድምፅ ማግኘት ይኖርበታል። ከገባችሁ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ ሪፖርት ታቀርባላችሁ።


መልስ 2

ቀደም ብለው የጻፉት በማኅበረሰቡ ጉዳይ በቂ ስለሰጡ እኔ በባለቤትነትና በፈቃድ ላይ አተኩራለሁ፤ ምክንያቱም «በቃል ተስማምተዋል» የሚለው ሐረግ አሳስቦኛል።

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥራ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ተቀጣሪ በሥራው ምክንያት ያመነጨው ሥራ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ የጻፋችሁትን ኮድ ልትሰጡ የምትችሉት እናንተ አይደላችሁም፤ ኩባንያው ነው። ፋውንዴሽኑም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የኮዱ ባለመብት የሶፍትዌር ስጦታ ስምምነት የሚባለውን ሰነድ ፈርሞ ያስገባል፣ እያንዳንዱ ኮሚተር (ኮድ የማስገባት ሥልጣን ያለው ሰው) ደግሞ የግለሰብ አበርካች ፈቃድ ስምምነት ይፈርማል። በኩባንያው ስም የሚፈርመው ሰው የመፈረም ሥልጣን ያለው መሆኑን አረጋግጡ፤ የሥራ ክፍል ኃላፊ ይሁንታ ብቻውን አይበቃም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሥራው ከመመረቂያ ጥናት የተነሣ ስለሆነ በመጀመሪያው ኮድ ላይ ዩኒቨርሲቲው መብት እንዳለው የተቋሙን መመሪያ አይታችሁ ለዩ፤ ካለውም የእርሱን ፊርማ ጭምር ያስፈልጋችኋል። ሰው ከተቋም ተቋም ሲቀያየር ፊርማ ማሰባሰብ እየከበደ ስለሚሄድ ይህን ሳታዘገዩ ብትጨርሱ ጥሩ ነው።

ኮኔክተሩን በተመለከተ፣ ፋውንዴሽኑ የሌሎችን ፈቃዶች በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ ጂፒኤልም ሆነ ኤልጂፒኤል በተከለከለው ምድብ ውስጥ ናቸው። ከምትለቁት ጥቅል ውስጥ ልታካትቱት አትችሉም፤ ዋናው ሥርዓትም ያለ እርሱ የማይሠራ ሊሆን አይገባም። ከማይኤስኪውኤል መቅዳትን እንደ አማራጭ ብታደርጉትና ኮኔክተሩን ፈላጊው ራሱ አውርዶ እንዲጭን ብትተዉት ግን ችግሩ ይቃለላል። ኮዳችሁ የሚደገፍባቸውን የሌሎች ኮዶች ሙሉ ዝርዝር፣ እነዚያ ኮዶች ራሳቸው የሚደገፉባቸውን ጨምሮ፣ አስቀድማችሁ መርምሩት።

ስለ ስሙ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የፕሮጀክቱ የንግድ ምልክት ለፋውንዴሽኑ የሚተላለፍ በመሆኑ ኩባንያችሁ ተመሳሳዩን ስም ለሚሸጠው ምርት እንደ ልቡ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ይህን አሁኑኑ ንገሯቸው። የንግድ ምልክት ጉዳይ ቀላል አለመሆኑን ፕሬስቶ በተባለው የኤስኪውኤል ሥርዓት ታሪክ ማየት ይቻላል። ፕሬስቶን በፌስቡክ ውስጥ የፈጠሩት መሐንዲሶች ከወጡ በኋላ በ2019 ፕሬስቶኤስኪውኤል በሚል ስም የራሳቸውን ቅርንጫፍ ይዘው ቀጠሉ፤ ነገር ግን ስሙ የእነርሱ ስላልነበረ በ2020 መጨረሻ ትሪኖ ብለው ለመቀየር ተገድደዋል። ኮዱን መውሰድ ፈቃዱ ይፈቅድላቸው ነበር፤ ስሙን ግን አልፈቀደላቸውም።


ጠያቂው

ለሁለታችሁም ከልብ የመነጨ ምስጋና አቀርባለሁ። የፊርማውን ጉዳይ ለኩባንያው የሕግ ክፍል አቅርበናል፤ መግቢያውንም እንደተመከርነው እንደገና እንጽፈዋለን። ሁለት ነገሮች ግን አሁንም ግልጽ አልሆኑልኝም። የመጀመሪያው፣ ስለ ሥርዓቱ የምንወስነው በቢሮ ውስጥ ተሰብስበን፣ በአማርኛ ተነጋግረን ነው፤ ይህ በኢንኩቤተሩ ዘንድ ችግር ይሆናል? ሁለተኛው፣ ሌላው የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ድርጅት የሊኑክስ ፋውንዴሽን ለእኛ የተሻለ አማራጭ ይሆን?


መልስ 3

የመጀመሪያው ጥያቄዎ እስካሁን ከተነሡት ሁሉ ይበልጥ የዕለት ሥራችሁን የሚነካ ስለሆነ በእርሱ ላይ ልቆይ። በአፓቼ አሠራር የፕሮጀክት ውሳኔ በሕዝብ ፊት፣ በጽሑፍ፣ በፕሮጀክቱ የኢሜይል ዝርዝር ላይ መወሰድ አለበት፤ በዚያ ያልተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል። ይህ ደንብ የወጣው እንደ እናንተ ያለ ቡድን ቢሮ ውስጥ የተስማማበትን ነገር ናይሮቢ ወይም በርሊን ያለ ሰው ሊያውቀው፣ ሊቃወመውም ሆነ ሊያሻሽለው ስለማይችል ነው። ለምን እንዲህ እንደተወሰነ ማወቅ የማይችል ሰው ኮድ ለማበርከት አይደፍርም፤ ስብጥሩም በዚሁ ምክንያት ሳይሰፋ ይቀራል። በአማርኛ መነጋገሩ ራሱ ነውር የለበትም። በሻንጋይ ያሉ የኢቤይ መሐንዲሶች የጀመሩት ካይሊን የተባለ የመረጃ ትንተና ሥርዓት በ2014 ገብቶ በ2015 ተመርቋል፤ ጸሐፊዎቹ እርስ በርሳቸው በቻይንኛ ሊነጋገሩ እንደሚችሉ ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚፈለገው ውይይቱ ወደ ውሳኔ ሲደርስ ሐሳቡ፣ የቀረቡት አማራጮችና የተመረጠበት ምክንያት በእንግሊዝኛ ተጽፎ መውጣቱና ሌላው ሰው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ማግኘቱ ነው። ፕሮፖዛሉን ከማቅረባችሁ በፊት ይህን ልማድ ጀምሩ፤ ለጥቂት ወራት ያህል የተጻፈ የውሳኔ መዝገብ ያለው ቡድን ወደፊት እንማራለን ከሚል ቡድን ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛውን በተመለከተ፣ የሊኑክስ ፋውንዴሽን በአባል ኩባንያዎች መዋጮ የሚተዳደር ሲሆን፣ በአፓቼ ግን ተሳትፎው የግለሰብ ነው፤ ሰው ኩባንያ ቢቀይርም ኮሚተርነቱ አብሮት ይሄዳል። ስታርሮክስ የተባለው ዳታቤዝ በ2023 ወደ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ገብቷል፤ የፕሬስቶ ፋውንዴሽንም በ2019 በዚያው ሥር ነው የተቋቋመው። ከጀርባው ትልልቅ ኩባንያዎች ላሉት ፕሮጀክት ያ መንገድ ይመቻል። ለትንሽ ቡድን፣ በተለይም ሰው ከሥራ ወደ ሥራ በሚዘዋወርበት እንደ እኛ ባለ ገበያ ውስጥ፣ የአፓቼው ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ መንገድም እንድታጤኑ እፈልጋለሁ። ዳታፊውዥን የተባለው የኩዌሪ (የጥያቄ ማስፈጸሚያ) ሞተር በ2019 የገባው አሮው በተባለው የአፓቼ ፕሮጀክት ሥር ነበር፤ እዚያ አድጎ በ2024 ራሱን ቻለ። የተከፋፈለ አፈጻጸም የሚሠራለት ባሊስታም የእርሱ ንዑስ ፕሮጀክት ሆኖ ይኖራል። እነዚህ ራስት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ በመሆናቸው የእናንተ ኮድ በቀጥታ አይገባባቸውም፤ በጃቫ በኩል ግን ካልሳይት አለ። ካልሳይት ኤስኪውኤልን የመተንተንና የአፈጻጸም ዕቅድ የማውጣት ሥራ የሚሠራ ሲሆን ሃይቭን ጨምሮ ብዙ ሥርዓቶች ይጠቀሙበታል። የራሳችሁን ተንታኝ ትታችሁ በእርሱ ብትተኩት የምትጠብቁት ኮድ ይቀንሳል፤ ጉልበታችሁም ልዩ በሚያደርጋችሁ ነገር ማለትም የወደቀውን ክፍል ብቻ መልሶ በማስፈጸሙ ላይ ይውላል። በዚያ ሥራ ላይ የምታገኟቸውን ስሕተቶች አርማችሁ ለካልሳይት ስትልኩ ከነባር አባላቱ ጋር በሥራ ትተዋወቃላችሁ፤ ቻምፒዮን የሚሆን ሰው ለማግኘትም ከማያውቋችሁ ሰዎች ደጅ ከመጥናት ይልቅ ረቂቁን በመጀመሪያ እንዲያነቡላችሁ እነርሱን መጠየቅ ትችላላችሁ።