ጋዝ የሚያሸት ሌላ፣ ጋዝ የሚይዝ ሌላ፦ የትኛውን ልግዛ ለምትሉ ጥቆማ

«ጭምብል ገዛሁ፤ ፊልተሩ አክቲቬትድ ካርቦን ነው። ከእንግዲህ ጄኔሬተርም ከሰልም አያሰጋኝም» አለኝ አንድ ጓደኛዬ። ደነገጥኩ። አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላው ከሰል፣ እኮ ካርቦን ሞኖክሳይድን አይዝም። ከሰል ሲነድ የሚለቀውን ገዳይ ጋዝ፣ ፊልተር ውስጥ ያለው ከሰል ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ይህን ጥቆማ የጻፍኩት በእሱ ሰበብ ነው።

ጋዝ መኖሩን የሚነግር ዕቃ አለ፤ ጋዙን ይዞ የሚያስቀር ዕቃ አለ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የትኛውንም ስትገዙ ከዋጋው በፊት «ለየትኛው ጋዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ «ለሁሉም» ካላችሁ ቀጥሉ፣ ሌላ ጋ ሂዱ።

ለቤት ከሆነ ምርጫዬ አንድ ነው፦ ኤሌክትሮኬሚካል ሴል ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። አፍንጫችሁ አይረዳችሁም። ሴሉ ውስጥ ትንሽ አሲድ እና በፕላቲነም የተሠሩ ኤሌክትሮዶች አሉ። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ እዚያ ሲደርስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ በዚያው ቅጽበት ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጋዙ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ማሞቂያ ስለማይፈልግ በትንሽ ባትሪ ለዓመታት ይሠራል።

ከእሱ ጋር የሚወዳደረው በቲን ኦክሳይድ የሚሠራው ርካሹ ሴንሰር ነው። ጃፓናዊው ናኦዮሺ ታጉቺ በ1962 ነው ፈጠራውን ለማስመዝገብ ያመለከተው፤ ዘሩ እስከ ዛሬ ይሸጣል። የቲን ኦክሳይዱ ብናኝ በማሞቂያ ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ላዩ ላይ ይለጠፍበታል። የሚቃጠል ጋዝ መጥቶ ኦክስጅኑን ሲነጥቀው ብናኙ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ይወርዳል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ማንም ቢመጣ ያው መሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱን፣ ኤምኪው 7 የሚሉትን፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሞክሬዋለሁ። ቆርቆሮ ክዳኑ ሲነካ ሞቅ ብሏል። ሁለት ስንዝር ርቄ የእጅ ሳኒታይዘር ከፈትኩ። ቀይዋ መብራት ወዲያው በራች። ቤቱ ውስጥ አንዲት ጠብታ ካርቦን ሞኖክሳይድ አልነበረችም! ለመማሪያ ግዙት፣ ደስ ይላል። ልጆቻችሁ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ግን አትመኑት።

ማንቂያ ስትገዙ የአውሮፓውን ደረጃ፣ ኢኤን 50291ን፣ ፈልጉ። በዚህ ደረጃ መሠረት 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ጋዙ ሲሆን) ላይ ዕቃው የሚጮኸው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ነው። 100 ላይ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ላይ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ። «ጋዝ እያለ ዝም አለ፣ ተበላሽቷል» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉዳቱ የሚለካው በመጠኑም በቆይታውም ስለሆነ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ሌላው ደግሞ፣ የመሞከሪያዋን ቁልፍ ስትጫኑ በአብዛኞቹ ዕቃዎች ላይ የምትፈትኑት ባትሪውን፣ ጩኸቱን እና ሽቦውን ነው። ሴሉ ጋዝ ማሽተት ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ ጀርባው ላይ የታተመውን የማብቂያ ቀን እዩ። ሴሉ እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው የሚቆየው፤ ቀኑ ካለፈ ዕቃው የግድግዳ ጌጥ ነው።

የማብሰያ ጋዝ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ የምትፈሩት ፍንዳታን ነው፤ ለዚህ የቲን ኦክሳይዱ ዘመድ ይበቃል። ቦታው ላይ ተጠንቀቁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ወደ ወለሉ ይውረድ። በቧንቧ የሚመጣው ሜቴን ይቀላል፤ ወደ ጣሪያው ይውጣ። ለፋብሪካ የምትገዙ ደግሞ ጋዙን በትንሽ ኳስ ላይ አቃጥሎ በሙቀቱ የሚለካውን ዓይነት ታገኛላችሁ። አስተማማኝ ነው፤ ሲሊኮን ያለበት ቅባት ወይም ስፕሬይ አጠገቡ ከተነፋ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይሞታል። በኢንፍራሬድ የሚሠራው ይህ አያገኘውም። ዋጋው ይወደዳል፣ ሃይድሮጅንንም አያይም።

ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ ለምትገቡ ሰዎች ምክሬ ቁጣ ሊመስል ይችላል። «የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተኝ እወጣለሁ» አትበሉ። ያን ሽታ የሚሰጠው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ስትሉ ነው የባሰው። አራት ነገር የሚለካውን ተሸካሚ ጠቋሚ ያዙ፦ ኦክስጅን፣ የሚቃጠል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ከመግባታችሁ በፊት መጠኑ የታወቀ የመሞከሪያ ጋዝ አሽትቱት። ይህን የማያደርግ ድርጅት አውቃለሁ፤ ጠቋሚዎቹ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፈው አዲስ እንደመሰሉ ነበር ያገኘኋቸው።

አሮጌውን የብርጭቆ ቱቦም አትናቁት። እኔ እወደዋለሁ። እንደ እርሳስ ቀጭን ነው፤ ሁለቱን ጫፎቹን ትሰብሩና የእጅ ፓምፑ ላይ ትሰኩታላችሁ። ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተሠራው ውስጡ ነጭ ዱቄት አለው፣ የሊድ ጨው የተቀባ። ፓምፑ አየር ሲስብ ቡናማ ቀለም ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ በመስመሩ ላይ እየተሳበ ይሄዳል፤ የቆመበትን ቁጥር ታነባላችሁ። ባትሪ የለ፣ ማስተካከያ የለ። አንዴ ከተጠቀማችሁበት ያው ቆሻሻ ነው። የሚነግራችሁም የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይጠብቃችሁም።

አሁን ወደ መያዣዎቹ። አክቲቬትድ ካርቦን ዛሬም ንጉሥ ነው። አንድ ግራሙ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ቢዘረጉ 1000 ካሬ ሜትር ገደማ ይወጣቸዋል። ለቀለም፣ ለቤንዚን፣ ለቲነር ትነት ከእሱ የተሻለ አትፈልጉ። ክሎሪን፣ አሞንያ እና መሰሎቻቸው ግን ካርቦኑ በሌላ ኬሚካል እንዲነከር ይፈልጋሉ። በአውሮፓው ደረጃ ፊልተሩ ላይ ያለው ቡናማ ቀለበት ለኦርጋኒክ ትነት (እንደ ቤንዚን እና ቲነር ላሉት) ነው፤ ግራጫ ለክሎሪን እና ለሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ ቢጫ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ አረንጓዴ ለአሞንያ። በአሜሪካው ደግሞ ኦርጋኒክ ትነት ጥቁር ነው፤ ቢጫው ለኦርጋኒክ ትነት እና ለአሲድ ጋዞች በአንድነት ነው። ቀለም ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ጽሑፉን አንብቡ። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ፊልተሩ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ይደክማል። ኦክስጅን በሌለበት ቦታ ደግሞ ማንኛውም ፊልተር ዋጋ የለውም። አየር ያጠራል እንጂ አየር አይፈጥርም።

ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሆን ፊልተር ጭራሽ የለም ወይ? አለ። ሆፕካላይት ይባላል፤ የማንጋኒዝ እና የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። ጋዙን አይዘውም፤ በተራ ሙቀት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። እርጥበት ስለሚገድለው ፊቱ ላይ ማድረቂያ ይደረግለታል። ሲሠራ ይግላል፤ የምትተነፍሱት አየር ይሞቃል። ከቃጠሎ ሮጦ ለማምለጥ ለተሠራ የአንድ ጊዜ ጭምብል ነው እንጂ ተቀምጦ ለመሥራት አይሆንም።

ሁሉም የሚጠይቀኝ ግን ስለ ሞፍ ነው፣ ማለትም ስለ ሜታል ኦርጋኒክ ፍሬምወርክ። በ2025 ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰን እና ኦማር ያጊ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙበት ነው። የብረታ ብረት አተሞችን እንደ ቋጠሮ፣ የካርቦን ሞለኪውሎችን እንደ ማገር አድርጋችሁ የተሠራ ቤት አስቡ፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። የአንዳንዱ አንድ ግራም ከ7000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ በሉት። ዋናው ደስ የሚለው ግን ስፋቱ አይደለም፤ ክፍሉን ለምትፈልጉት ጋዝ ልክ መስፋት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ግዙ አልልም? በ1999 ሆንግ ኮንግ ላይ የተሠራው የመዳብ ሞፍ፣ ኤችኬዩኤስቲ-1፣ አሞንያን በደንብ ይይዛል። ነገር ግን አሞንያ እና እርጥበት ሲገናኙበት ራሱ ይፈርሳል። ትንፋሽ ደግሞ እርጥብ ነው። በ2008 ኦስሎ የወጣው የዚርኮኒየሙ ዩአይኦ-66 ውሃን ይችላል፤ እኔ ዓይኔን የጣልኩት በእሱ ዘመዶች ላይ ነው። ገበያ ውስጥ እውነት ሲሠራ ያየነው ሌላ ቦታ ነው። ከ2016 ጀምሮ አርሲን እና ፎስፊን የተባሉትን መርዞች ለቺፕ ፋብሪካዎች የሚያከማቹ፣ በሞፍ የተሞሉ ሲሊንደሮች አሉ። ጋዙ ውስጥ ተይዞ ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ስለሚሆን ሲሊንደሩ ቢያፈስ እንኳ መርዙ ፈንድቶ አይወጣም። ለእነሱ ይመከራል። «ሞፍ አለው» የሚል ጭምብል ካሳዩአችሁ ግን በየትኛው ጋዝ፣ በምን ያህል እርጥበት፣ ለስንት ደቂቃ እንደተፈተነ የሚናገር ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የገጽ ስፋት ብቻ ከተጻፈ መልሱላቸው።

ስለ ግራፊን (የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ስላለው የካርቦን ንጣፍ) ሴንሰርም አጭር ልበል። በ2007 የማንቸስተር ተመራማሪዎች አንዲት የጋዝ ሞለኪውል ስታርፍበት መለየት ችለዋል፤ የሚገርም ነው። የምትለየው ግን ምንም ይሁን ምን የሚያርፈውን ሁሉ ነው። ከሳኒታይዘሬ ታሪክ ብዙ አይርቅም።

ጓደኛዬ ጭምብሉን አልጣለውም። ለቀለም ቅብ ሥራ አስቀምጦታል፤ እዚያ ልክ ነው። ማንቂያም ገዝቶ ፎቶውን ላከልኝ። «ጀርባውን አንሳልኝ» አልኩት። መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ኖሮ ለማብቂያው የቀረው አንድ ዓመት ከአራት ወር ነበር። በማግስቱ ወስዶ አስቀየረው።