ጥቆማ፦ ጨጓራው በኦፕራሲዮን ለወጣለት ሰው የቱን እንግዛ?

«የጨጓራ ካንሰር ላለበት ሰው የትኛው የምግብ ማሟያ ዱቄት ይሻላል?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ። ሐኪም አይደለሁም። አባዬን ሳስታምም ገዝቼና ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ከዱቄቱ በፊት ሚዛን። መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እነሱ ጋ ነው የሚመዘነው። ያው ልጅ፣ ያው ሚዛን፣ ጫማ አውልቆ። ክሊኒክም ብትመዘኑ ሚዛኑን አትቀያይሩ፣ ቁጥሩ ያምታታችኋል። በሽታው ሲታወቅ ከ68 ኪሎ 59 ገብቶ ነበር። እኛ ደግሞ «ሐሳብ ነው ያከሳው» እያልን ከርመናል። በስድስት ወር ውስጥ ከኪሎው ከ10 በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው ከኦፕራሲዮን በኋላ ቶሎ አያገግምም፤ ኢንፌክሽን ይበረታበታል፤ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒቱን) መጨረስም ይከብደዋል። በሕይወት የመቆየት ዕድሉም ያንሳል። ለዚህ ነው በጣም ለከሳ ሰው የኦፕራሲዮን ቀጠሮው ቢገፋም ከ7 እስከ 14 ቀን አመጋገቡ ላይ ይሠራ የሚባለው። ሐኪማችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የሥነ ምግብ ባለሙያ። እኛን ሆስፒታሉ የአባዬ ጨጓራ ከወጣ በኋላ «ቀለል ያለ ምግብ ስጡት» ብሎ ሸኘን፣ በቃ። እማዬም አጥሚቱን በስኳርና በማር አጣፍጣ በትልቅ ኩባያ ሰጠችው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ ሆነ፤ ልቡ ይደልቅ ጀመር፤ ግድግዳ እየተደገፈ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። የሞተብን ነው የመሰለን። ጨጓራ ሲጠፋ ጣፋጩ በአንድ ጊዜ አንጀት ላይ እንደሚዘረገፍ የነገረችን በኋላ ከፍለን ያማከርናት ባለሙያ ናት። የቀን ምግቡን ስድስት ሰባት ቦታ ከፋፈለችው። ውኃ ከምግብ ጋር ቀረ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሆነ። የከፈልነው ከሁለት ቆርቆሮ ዱቄት ያነሰ ነበር። ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ ላይ አውሉት።

አሁን ወደ ዱቄቱ። ፋርማሲ ያለው በብዛት ኢንሹር የሚባለው፣ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት ነው። አንድ ብርጭቆ ወደ 230 ካሎሪና 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ብርጭቆ ወተትና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ግን ወደ 290 ካሎሪና 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣሉ። ስለዚህ መብላት ለሚችል ሰው ቆርቆሮው ግዴታ አይደለም። የኬሞ ሰሞን፣ የወጥ ሽታ ሲያስጠላው ግን አባዬን ያቆመው እሱ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ በሲኒ፣ ቀስ እያለ ፉት ይበል። ስትገዙ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ጠይቁ፣ ዋጋው በጣም ይለያያል። የሚያበቃበትን ቀንም እዩ።

ፕላምፒ ናትን፣ ያንን በፓኬት የታሸገ የለውዝ ምግብ፣ የጠቆማችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ አንዷ ፓኬት 500 ካሎሪ አላት፤ እዚሁ አገር ሂሊና የተባለው የምግብ ፋብሪካም ያመርተዋል። ግን ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ ነው። ከሱቅ ባትገዙት ደስ ይለኛል። የለውዝ ቅቤ አለላችሁ።

ጾም የገባ ጊዜ አባዬ እንቁላልም ወተትም አልነካም ብሎን ነበር። እኛ ብንለምነው በጄ አላለም። የንስሐ አባቱ መጥተው «ለበሽተኛ ጾም የለም» ሲሉት ነው እሺ ያለው። ከእኛ ክርክር የእሳቸው አንድ ቃል በለጠ። እምቢ ካለባችሁ ግን ሽሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና ለውዝ አሉ።

የቫይታሚን ቢ12 መርፌን አትርሱ። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ያስፈልገዋል። ጉበት ያጠራቀመው ስላለ ጉድለቱ የሚታየው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ቀጠሮውን አታሳልፉ። መድኃኒቱን ከፋርማሲ ይዘን ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ እናስወጋዋለን፤ ሆስፒታል ድረስ መሰለፍ አላስፈለገንም።

ባለፈው ቅዳሜ 62 ኪሎ ነበር። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ጥሩ የሥነ ምግብ ባለሙያ የምታውቁ ከታች ጻፉ፣ የሚጠይቁኝ በዝተዋል።