ከተነሳሁ በኋላ ሞተሩ ጉልበት ቢያጣ ወደ ራንዌዩ ልመለስ?

ጀማሪ_አብራሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ላይ በረራ እየተማርኩ ነው፣ ለብቻዬ ገና አልበረርኩም። ትናንት ተነስተን 500 ጫማ አካባቢ ስንደርስ አስተማሪዬ ድንገት ጋዙን ቀነሰና "ሞተር ጠፋ፣ ምን ታደርጋለህ?" አለኝ። እኔ ወዲያው መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዝኩ፣ ራንዌዩ ከኋላችን ነው ብዬ። ተቀበለኝና አፍንጫዋን ወደ ታች ገፍቶ "ከዚህ ከፍታ መመለስ የለም" አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ፣ የተነጠፈ ራንዌይ እያለ ለምንድነው ወደማላውቀው ሜዳ የምሄደው?

ክንፍ172፦
ወንድሜ አስተማሪህ ልክ ነው። 180 ዲግሪ ዞረህ የምትጨርስ ይመስልሃል ግን ስትዞር ከራንዌዩ መስመር ወደ ጎን ትወጣለህ፣ ስለዚህ መስመሩን ለመያዝ ከ180 አልፈህ ትዞርና ደግሞ ትመልሳታለህ፣ ይሄ ሁሉ ከፍታ እየበላ ነው። ስትነሳ ፊት ለፊትህ የነበረው ነፋስም አሁን ከኋላ ይገፋሃል። ሰው የሚያልቀው ግን በስቶል ነው፣ ማለትም ክንፉ አውሮፕላኗን ተሸክሞ መያዝ ሲያቅተው፦ ከፍታህን ጠብቀህ 45 ዲግሪ አዘንብለህ ስትዞር የስቶል ፍጥነትህ በ19 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፣ 60 ዲግሪ ከሆነ 41 ከመቶ፣ መሬቱ ሲቀርብህ ደግሞ ሳታስበው መሪውን ወደ ራስህ ትስባለህ። መጀመሪያ አፍንጫዋን አውርድ፣ 172ኤስ የሚባለው ሞዴል ከሆነች፣ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፍል) ካልወረደ 70 ኖት ፍጥነት ያዝ፣ ከዛ ከፊትህ ትንሽ ግራና ቀኝ ካለው የተሻለውን ምረጥ። እባክህ እዛ ላይ አትከራከር።

ዝግታ፦
ክንፍ የጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሞተር ሁሌ ድርግም ብሎ አይጠፋም። እኔ የደረሰብኝ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላት የድሮ 172 ላይ ነው፣ ውጪው ከ20 ዲግሪ በላይ ነበር ግን እርጥበት አለው፣ አርፒኤሙ (የሞተሩ ዙር) ቀስ እያለ ሲወርድ ጋዙ በእጄ ተነክቶ ነው ብዬ ጨመርኩለት፣ እንደገና ወረደ። ካርብ ሂቱን (ለካርቡሬተሩ ሙቅ አየር የሚሰጠውን) ስስበው ይባስ ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ደንግጬ ልመልሰው ስል አብሮኝ የነበረው አብራሪ እጄን ይዞ "ተወው፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ የያዘው በረዶ እየቀለጠ ሞተሩ ውሃውን እየዋጠ ነው" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ አርፒኤሙ ተመለሰ። ያኔ መልሼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ አስባለሁ።

ጀማሪ_አብራሪ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የኛዋ ኤስ ናት፣ በኢንጀክሽን የምትሰራ፣ ካርቡሬተር ስለሌላት ካርብ ሂትም የላትም። ከፍ ብዬ እያለሁ ቢጠፋስ?

ክንፍ172፦
ያኔ ጊዜ አለህ፣ ነፋስ ከሌለ በየ1000 ጫማ ከፍታ ወደ 1.5 ኖቲካል ማይል ትንሳፈፋለህ። 68 ኖት ያዝ፣ ሜዳህን ምረጥ፣ ከዛ ነው የነዳጅ መምረጫው፣ ፓምፑ፣ ሚክስቸሩ (የነዳጅና የአየር ድብልቁ)፣ ማግኔቶው (የሞተሩ ማቀጣጠያ)። አልነሳ ካለ በ121.5 የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ሞገድ ሜይዴይ በል፣ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ቁጥር የሚልከውን) 7700 አድርግ። ልታርፍ ስትል ነዳጁን ዝጋ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ቦዲው ቢጣመም እንዳይቆለፍብህ። ማስተሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ግን ፍላፕ ሳታወርድ አታጥፋ፣ የ172ኤስ ፍላፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው።

ጀማሪ_አብራሪ፦
የፍላፑን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ነገ ጋዝ ከመስጠቴ በፊት በየትኛው ከፍታ ምን እንደማደርግ ጮክ ብዬ ለአስተማሪዬ እነግረዋለሁ።